ክፉ ቀንና የተራበ አካል

ከእንጦጦ ተራራ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው የሱሉልታ ሜዳ ለጥ ያለ የግጦሽ ምድር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው «ክፉ ቀን» ግን በአገሪቱ እንዲህ ያለው ሜዳ ከብት አልባ ሆኖ ነበር። በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች የተነሣው የደስታ በሽታ ከ10 ከብት 9ኙን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። (በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የከብቶቻችን በሽታ የሚመረመርበት ብሔራዊ ቤተ ሙከራም እዚሁ ሰበታ ይገኛል።) በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይተረካል።

ጎተራው በባዶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በሰው ገላ ውስጥ ምን ተፈጸመ?

እኛ መሐንዲሶች የማመንጫ ኃይል ሲያንስ የትኛው መስመር ቀድሞ እንደሚቋረጥ አስቀድመን እንወስናለን። አካልም እንዲሁ ያደርጋል። በጉበት የተጠራቀመው ስኳር ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። አንጎል ግን በቀን 120 ግራም ያህል ስኳር ስለሚሻ አካል የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር ይሠራለታል። ይኸው ቢቀጥል ሰው በጥቂት ሳምንታት ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን ከቀናት በኋላ ጉበት ስብን ወደ ኬቶን ይለውጣል፤ አንጎልም አብዛኛውን ፍላጎቱን ከዚህ ምትክ ነዳጅ ስለሚያገኝ የጡንቻው መፍረስ ይቀንሳል። የልብ ምት ይዘገያል፤ ገላ ይቀዘቅዛል።

በ1937 ዓ.ም. አንሴል ኪይስ የተባለው ምሁር በአሜሪካ ሚኔሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በጎደሎ ምግብ አቆይቶ ነበር። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል ሲያጡ፣ አካላቸው በዕረፍት የሚያወጣው ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ሥራም ጨዋታም ጠሉ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። እንግዲህ ፈዝዞ የተቀመጠውን ረሃብተኛ «ሰነፍ» ማለት ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ያ ሰው አልሰነፈም፤ አካሉ የቀረችውን ነዳጅ እየቆጠበ ነው።

ቁጠባው ግን ዋጋ ያስከፍላል። የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፤ በሽታን የመከላከል አቅምም ይደክማል። በክፉ ቀን ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ረሃቡን ተከትለው መጡ፤ በ1977 ዓ.ም. በየመጠለያው ብዙ ሕፃናትን የገደሉት ኩፍኝና ተቅማጥ ነበሩ።

እህል በተገኘ ማግስት የሚመጣ ሞትም አለ። የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ ሲበላ በደሙ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ የሳሳው ልብም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዳ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤፍ 75 የሚባለው ቀጠን ያለ ወተት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል።