ራጅና የመንጋጋ መጋጠሚያ፤ ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ

1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ታሪክ የዓድዋ ዓመት ነው። ለሕክምና ታሪክም ይኸው ዓመት አዲስ ምዕራፍ የተከፈተበት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅ የሚባለውን ጨረር ያገኘው በጥቅምት ወር ሲሆን፣ አራት ወር ሳይሞላ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ተካሄደ። በግንቦት ደግሞ ከዚሁ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች በኔፕልስ የጦር ሆስፒታል ራጅ ተነሥተው፣ በክንዳቸው የቀረው ጥይት ያለበት ሥፍራ ታወቀ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ አገልግሎት የዋለው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል።

በዚያው ዓመት ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ቁስለኞችን ለመርዳት አዲስ አበባ ገባ። ከዚህ ጅማሮ የተነሣው የሩሲያ ሆስፒታል ለጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ሲዘጋ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማ በቀበና የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተካ።

ይሁንና ጥይትን በቀላሉ ያሳየው ጨረር የመንጋጋን መጋጠሚያ ለማሳየት ብዙ ተቸግሯል። መጋጠሚያው ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከራስ ቅል ግርጌ ሥር ስለሚገኝ የወፍራሙ አጥንት ጥላ ይደርብበታል። ከዚህም በላይ አፍ ሲከፈት የመንጋጋው ራስ በመጀመሪያ እንደ ማጠፊያ ይዞራል፤ ቀጥሎም ወደ ፊት ይንሸራተታል። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ሆኖ አብሮ የሚጓዘው ለስላሳ ዲስክ ደግሞ በራጅ አይታይም። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ጨረሩን ከወዲያኛው የራስ ጎን አዘንብለው በመልቀቅ፣ አፍ ተዘግቶና ተከፍቶ ሁለት ፊልም በማንሣት እንቅስቃሴውን ከአጥንቱ ቦታ ለውጥ ይገምቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዴንማርካዊው ፍሌሚንግ ኖርጋርድ ጨረር የማያሳልፍ ፈሳሽ በመርፌ ወደ መጋጠሚያው በማስገባት የዲስኩን ቅርጽ በተዘዋዋሪ አሳየ። በፊንላንዳዊው ዩርዮ ፓቴሮ ጥረት የዳበረው ፓኖራሚክ ራጅ መላውን መንጋጋ በአንድ ፊልም አቀረበ፤ የዲስኩን ምሥጢር ግን አልፈታም። ዲስኩን ያለ መርፌና ያለ ጨረር ማየት የተቻለው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በኤም.አር.አይ. ነው። በዚያ ዘመን እንቅስቃሴ ተብሎ የሚታየውም አፍ ደረጃ በደረጃ እየተከፈተ የተነሡ ምስሎች ቅጥልጥል ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በየዕለቱ ሥራ ላይ የሚፈተን ነው። መንጋጋው ቀጭ የሚልበት ወይም በድንገት የሚቆለፍበት በሽተኛ አጥንቱ በራጅ ጤናማ ሆኖ ስለታየ ብቻ «ምንም የለብህም» ተብሎ ቢሰናበት፣ የተሳሳተው ፊልሙ ሳይሆን ጥያቄው ነው። በልጅነት በአደጋ ወይም በጆሮ ቁስለት ምክንያት መጋጠሚያው ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀበት ሕመምተኛ ግን የሚያስፈልገው አጥንትን አጥርቶ የሚያሳይ ሲ.ቲ. ስካን ነው። ስለሆነም ጣትን ከጆሮ ፊት አኑሮ እንቅስቃሴውን መዳሰስ፣ ድምፁን ማዳመጥ፣ የአፍ መከፈትን በማስመሪያ መለካት ከማናቸውም ምስል ይቀድማል። የኔፕልሶቹ ሐኪሞች በ1888 ዓ.ም. የተሳካላቸው መሣሪያቸው ፍጹም ስለነበረ አይደለም፤ የሚፈልጉት ጥይት መሆኑን አስቀድመው ስላወቁ ነው።