ከፋይል ማስተላለፊያ ወደ ጋራ መዝገብ ቤት፦ የኮምፒዩተር ሰነድ ልውውጥ አጭር ታሪክ

መግቢያ

የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በሰነድ ላይ የተመሠረተ ነው። የተማሪዎች ውጤት፣ የመምህራን የደመወዝ መዝገብና የትምህርት ቤቶች ዓመታዊ ስታትስቲክስ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በጊዜው ካልተላለፉ ዕቅድም ሆነ ቁጥጥር ሊኖር አይችልም። ሰነድ ግን ሁለት ቤቶች አሉት። አንደኛው የሚያልፍበት ፖስታ ቤት፣ ሁለተኛው የሚቀመጥበት መዝገብ ቤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ እነዚህ ሁለቱ በኮምፒዩተር ዓለም ለየብቻ አድገው እንዴት እንደተገናኙና ልዩነታቸው በተዘነጋ ጊዜ ምን ጉዳት እንደደረሰ በአጭሩ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. የመጀመሪያው መንገድ

በ1971 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው አብሃይ ቡሻን ፋይልን ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ለማስተላለፍ የሚያገለግል የአሠራር ደንብ አዘጋጀ። በጊዜው አርፓኔት በተባለው መረብ የተያያዙት ኮምፒዩተሮች በአሠራራቸውም ሆነ ፋይል በሚያስቀምጡበት ዘዴ የተለያዩ ስለነበሩ፣ የደንቡ ዋና ተግባር በመካከላቸው መግባባትን መፍጠር ነበር። ደንቡ ኤፍቲፒ በሚል ስም የታወቀ ሲሆን፣ በ1985 ጆን ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ ባዘጋጁት ሰነድ ለረጅም ጊዜ የተሠራበትን መልክ ያዘ።

በመረቡ የሚጠቀሙት በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተዋወቁ የምርምር ተቋማት ስለነበሩ ምሥጢርን መጠበቅ ዋና ጉዳይ አልነበረም። በመሆኑም የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል፣ ሰነዱም ራሱ፣ ሳይመሰጠሩ በመስመሩ ላይ ይጓዙ ነበር። ይህም ባልታሸገ ፖስታ ደብዳቤ እንደመላክ የሚቆጠር ነው።

ለ. የመንገዱ መጠበቅ

መረቡ እየሰፋ ሲሄድ ድክመቱ ገሃድ ወጣ። በ1995 በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃላት በድብቅ መሰብሰባቸው ታወቀ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን በዚህ ምክንያት በኮምፒዩተሮች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት የሚመሰጥረውን ኤስኤስኤች የተባለ ዘዴ ሠራ። ቆይቶም በዚሁ ዘዴ ላይ የተመሠረተው ኤስኤፍቲፒ ፋይልን በምሥጢር ለማስተላለፍ አገልግሎት ላይ ዋለ።

ሆኖም አሮጌው መንገድ ወዲያው አልተዘጋም። ክሮምና ፋየርፎክስ የተባሉት የድረ ገጽ ማሰሻዎች ኤፍቲፒን ማስተናገድ ያቆሙት በ2021፣ ማለትም የመጀመሪያው ደንብ ከወጣ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት ምክንያት የሆነው ዕውቀት ማጣት ብቻ አይደለም። በየሌሊቱ የደመወዝ ወይም የሒሳብ ፋይል እንዲልኩ የተዘጋጁ ነባር ፕሮግራሞች ያለ ማንም ሰው ጣልቃ ገብነት ይሠሩ ስለነበር፣ እነሱን መንካት ሥራን ማቋረጥ ሆኖ ይታይ ነበር።

ሐ. የጋራው መዝገብ ቤትና ድልድዩ

በሌላ በኩል ሰነድን በጋራ ለመሥራት የሚያስችሉ ሥርዓቶች ተስፋፉ። የማይክሮሶፍት ሼርፖይንት በ2001፣ የጎግል የጋራ ጽሑፍ ማዘጋጃ ደግሞ በ2006 ወጡ። በነዚህ ሥርዓቶች ሰነዱ ባለበት ይቆያል፤ ወደ ሰነዱ የሚመጡት ሰዎቹ ናቸው። ማን ሊያነብ፣ ማን ሊያርም እንደሚችል በፈቃድ ይወሰናል፤ እያንዳንዱ ለውጥም ይመዘገባል።

ሁለቱን ለማገናኘት በመካከላቸው መቀበያ ይቆማል። ነባሩ ፕሮግራም እንደልማዱ ፋይሉን ይልካል። መቀበያው የላኪውን ማንነት ያረጋግጣል፣ ፋይሉን ከጎጂ ፕሮግራሞች ይፈትሻል፣ በጋራው መዝገብ ቤት ተገቢው ሥፍራ ያስቀምጣል፣ ድርጊቱን ይመዘግባል። በመጨረሻም በመተላለፊያው የቀረውን ቅጂ መሰረዝ አለበት። በአሠራር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው የመጨረሻው ተግባር ነው።

መ. ሁለት ትምህርት ሰጪ አጋጣሚዎች

በታኅሣሥ 2020 አክሴሊዮን የተባለው ኩባንያ ለ20 ዓመት ያህል ያገለገለ የፋይል ማስተላለፊያ ሥርዓት ጥቃት ደረሰበት። ከተጎዱት አንዱ የኒው ዚላንድ ማዕከላዊ ባንክ ነበር። ኩባንያው ማስተካከያ ቢያወጣም የማስጠንቀቂያ መልእክቱ ለባንኩ በወቅቱ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳመለከተው ግን፣ ባንኩ የራሱን መመሪያ በመተው ማስተላለፊያውን እንደ ሰነድ ማከማቻና እንደ የጋራ ሥራ መድረክ ይጠቀምበት ነበር። ፖስታ ቤቱ መዝገብ ቤት ሆኖ ስለነበር የጉዳቱ መጠን ሰፋ።

በ2023 ደግሞ ሙቪት በተባለ ሌላ ማስተላለፊያ በተገኘ ክፍተት ምክንያት ከኒው ዮርክ ከተማ የትምህርት መሥሪያ ቤት ወደ 19,000 የሚጠጉ ሰነዶች ተወሰዱ፤ ጉዳዩ ወደ 45,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ነካ። መሥሪያ ቤቱ ስለ ክፍተቱ እንዳወቀ በሰዓታት ውስጥ ማስተካከያውን ቢያደርግም ሰነዶቹ አስቀድመው ወጥተው ነበር። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይለወጣል፤ የተሰረቀ የልጅ ስም፣ የልደት ቀን ወይም የምርመራ ውጤት ግን ሊለወጥ አይችልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ መረዳት እንደሚቻለው መንገዱን መመሰጠር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር የሚያገናኝ ዕቅድ አውጪ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። በመተላለፊያው ላይ ሰነዱ ስንት ቀን ይቆያል? የሚሰርዘውስ ማን ነው? ስለ ክፍተት የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ለየትኛው ኃላፊ ይደርሳል? እነዚህ የአስተዳደር ጥያቄዎች ስለሆኑ መልሳቸው ከመሣሪያ ጋር ተገዝቶ አይመጣም። መምህሩም የተማሪዎቹን ውጤት በላከ ጊዜ ተቀባዩ መድረሱን ካረጋገጠለት በኋላ ቅጂውን ከማስተላለፊያው ላይ ማስወገድን የሥራው ክፍል ሊያደርገው ይገባል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚሉት፣ ቀድሞ በመተላለፊያው ላይ የሌለ ሰነድ ከዚያ ሊሰረቅ አይችልም።