የጨው ሒሳብ

አትላስ አካባቢ ካሉት ሱቆች ጨው ስንገዛ ፌስታሉ ላይ «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ይህ ጽሑፍ እዚያ የተገኘው አምራቾችና ነጋዴዎች በራሳቸው ፈቃድ ተስማምተው አይደለም። ለፈቃዳቸው የተተወበት ጊዜ ነበር፤ ውጤቱንም አይተነዋል።

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው የአገራችን የገበታ ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋና ገበያው ፊቱን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ አዞረ። እዚያ የሐይቁ ውኃ በገንዳ ተንጣሎ በፀሐይ ይደርቃል፤ ጨዉ ይሰበሰብና በጭነት መኪና ይወጣል። አምራቾቹ ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ትንንሽ። ጨዉ ያለ አዮዲን ወጥቶ ያለ አዮዲን እየተሸጠ ዓመታት አለፉ።

የአዮዲን እጥረት አንገት ላይ እንቅርት ሆኖ ሲወጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንቅርቱ ግን ከጉዳቱ ቀላሉ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቂ አዮዲን ካላገኘች የፅንሱ የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ የተጎዳውንም በኋላ መመለስ አይቻልም። ልጁ ትምህርት ሲከብደው «ሰነፍ» ይባላል እንጂ ጨዉን የሚጠረጥር የለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ 100 ሴቶች 36 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል።

እኛ ሒሳብ የምንሠራ ሰዎች ነገሩን በመዝገብ ማየት ይቀናናል። ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ለአንድ ሰው በዓመት የሚያስወጣው ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ያም ሆኖ ወጪው የሚመዘገበው በአምራቹ ደብተር ነው፤ ትርፉ ደግሞ የማያውቃት እናት ቤት፣ ገና ባልተወለደ ልጅ ላይ ነው። አዮዲን የጨመረው አምራች ካልጨመረው ጎረቤቱ ጋር አንድ ገበያ ላይ ሲቀርብ፣ ገዢዋ በዓይንም በምላስም ልዩነቱን አታውቅምና ርካሹን ትወስዳለች። ስለዚህ ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ደጉ አምራች ራሱ ከገበያ እንዳይወጣ ሲል ይተወዋል።

አሜሪካ ውስጥ እኮ በፈቃድ ሠርቷል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ሚሺጋን ላይ የተጀመረው አዮዲን ያለው ጨው ያለ አስገዳጅ ሕግ ተስፋፍቷል። እዚያ ግን ገበያውን የያዙት ጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ፣ አዮዲኑንም ማስታወቂያ አድርገው ሸጡበት። በጆንያ ወጥቶ በጣሳ እየተሰፈረ ለሚሸጥ ጨው ማን ማስታወቂያ ይሠራል?

በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደውን ደንብ ቁጥር 204 በ2003 ዓ.ም. አወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ቤቶች አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው 15 ብቻ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 89 ሆኑ። ሐይቁ ያው ነው፣ ነጋዴው ያው ነው። የተጨመረው ሕጉና ሕጉን ተከትሎ የመጣው ድጋፍና ቁጥጥር ነው።

89 የሚለው ቁጥር ግን ጨዉ ውስጥ አዮዲን መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። በላብራቶሪ ሲለካ ከሚፈለገው መጠን በታች የሆነው ብዙ ነው። ጥቂት ነካ አድርጎ «አዮዲን ያለው» ብሎ ማተምም ወጪ መቀነሻ ነውና፣ የሚለካ ሰው በሌለበት ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። ለጋሾቻችን ስለ እናቶች ጤና ሲጠይቁን የተቆጣጣሪ ደመወዝና የመመርመሪያ ዕቃ ወጪም የጤና ወጪ ነው ብለን የምንመልሰው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ የእኛ ድርሻ ትንሽ ናት፦ ጨዉን በሚከደን ደረቅ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእንፋሎት አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ውስጥም ሊወጣ ሲል መጨመር። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ይባክናል። አፍዴራ ላይ ያልገባውን ግን እኛ ማድቤት ልንጨምረው አንችልም።