ከተከዜ እስከ ሙኒዮንዮ፦ ዲፕሎማቱ ሐዲስ ዓለማየሁ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ካምፓላ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን እንኳ ስማቸውን ከወላጅ አፍ ሰምተዋል። ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ረጅም ዘመን ዲፕሎማት ሆነው ማገልገላቸውን ነው። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ይህን ማንሣቴ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳ ሲወራ ሀገራችን የምትለው እንዳላት ልጆቻችን እንዲያውቁ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሐዲስ የጎጃም ሰው ናቸው። በ1935 ጣሊያን ሲወረን በራስ እምሩ ሥር ዘመቱ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። በጋዝ መዋጋትን የሚከለክለው የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ነበር፤ ጣሊያን ራሷም በ1928 አጽድቃዋለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ቆመው ቢናገሩም የደረሰልን አልነበረም። ሐዲስም ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ ነፃ የወጡት በ1943 ነው።

ከእስር ወጥተው በኢየሩሳሌምና በዋሽንግተን ሠሩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት ኢትዮጵያን ወከሉ። እሳቸው ከኒው ዮርክ ከተነሡ በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1961፣ ጠቅላላ ጉባኤው ኢትዮጵያ ከሌሎች ሀገሮች ጋር ያቀረበችውን ውሳኔ ቁጥር 1653 አጸደቀ። ውሳኔው በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፅ አልሰጡም። ሶቪየት ኅብረት ስትደግፍ አሜሪካና እንግሊዝ ተቃወሙ። በ1962 ጄኔቫ በተከፈተው የ18ቱ መንግሥታት የጦር መሣሪያ ቅነሳ ኮሚቴም ኢትዮጵያ ከስምንቱ ገለልተኛ ሀገሮች አንዷ ነበረች። የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚያግደው የ1968 ውል የተደራደረው እዚያ ነው።

«ታዲያ ምን ለወጠ? ኃያላኑ ዛሬም ቦምባቸውን ታቅፈዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም። ነገር ግን የተመዘገበ ቃል ቀን ይጠብቃል። የጣሊያን መንግሥት በጋዝ መጠቀሙን በ1996 አመነ፤ ስድሳ ዓመት ፈጀ። በ2010 እዚሁ ካምፓላ፣ ሙኒዮንዮ፣ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል መንግሥታት ተሰብስበው በእርስ በርስ ጦርነት በመርዝ ጋዝ መጠቀምም የጦር ወንጀል እንዲሆን ወሰኑ። ኢትዮጵያ የፍርድ ቤቱ አባል ባትሆንም፣ የተከዜው ሕመም ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። የኑክሌር መሣሪያን ፈጽሞ የሚከለክለው ውልም በ2017 ጸድቆ በ2021 ሥራ ላይ ዋለ።

እንግዲህ ወላጆች፣ በሙኒዮንዮ በኩል ስታልፉ ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። አያቶቻቸው በጋዝ ተቃጥለዋል፤ የቀሩት ግን በቀል ሳይሆን ሕግ ነው የጠየቁት።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።