ግሸን፦ ባላዩት ብዕርና በሚያውቁት ዜማ

ስለ ቦታና ስለ ድርሰት ግንኙነት ሲነሣ አዘውትሮ የሚሰነዘረው ሐሳብ፣ ደራሲ ያየውን መልክዐ ምድር በቃላት ይሥላል የሚል ነው። ሐሳቡ እውነትነት ቢኖረውም የተሟላ አይደለም። አምባ ግሸንን በዝርዝር የሣሉት ያላዩት ናቸው፤ አካባቢውን የሚያውቁት ግን ስም ይጠራሉ እንጂ አይሥሉም። ይህ አጭር ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት ለመጠቆም ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግሸን በወሎ፣ በአምባሰል የሚገኝ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ መስቀልኛ የሆነ አምባ ነው። ነገሥታቱ የሥልጣን ሽሚያን ለመከላከል ወንድሞቻቸውንና ሌሎች የንጉሥ ዘሮችን እዚያ ያግዙ ነበር። ልማዱ የቆየው የኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር በ16ኛው መቶ ዓመት አምባውን እስኪይዝ ድረስ ነው። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1434፣ ዐፄ ናዖድም በ1494 ወደ ዙፋን የመጡት ከዚሁ ግዞት ነው። ለመጀመሪያው መጽሐፈ ብርሃን፣ ለሁለተኛው መልክአ ማርያም ስለሚሰጣቸው፣ ሁለቱም በግእዝ ድርሰት ታሪክ ስማቸው ይነሣል።

የአምባው ዝና ወደ አውሮፓ የተሻገረው በመንገደኞች ጽሑፍ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ የመሳፍንቱን ግዞት ገልጿል። ኢትዮጵያን ያልረገጠው ስፔናዊ መነኩሴ ሉዊስ ደ ኡሬታ ግን በ1610 ባሳተመው መጽሐፍ አምባውን የአትክልት፣ የቤተ መንግሥትና የታላቅ ቤተ መጻሕፍት ስፍራ አደረገው። በአገሩ የኖረው ፔድሮ ፓኤዝ የኡሬታን ስሕተት ለማረም መጽሐፍ ቢጽፍም፣ መጽሐፉ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ሳይታተም ቀረ። እርማቱ ተቀምጦ ተረቱ ተሠራጨ።

ከዚያ በኋላ ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋችው ገነት» የአማራን ተራራ ለኤደን ማወዳደሪያ አደረገው። የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራስላስ»ን ጻፈ። የጆንሰን ልዑል ምንም ባልጎደለበት ሸለቆ ታግዶ መውጫ ይፈልጋል፤ በዚህም ደራሲው ተድላው እስራት መሆኑን በማስተዋሉ ካልተጓዙት ሁሉ ይልቅ ለግሸን ታሪክ ቀርቧል። ይህ መጽሐፍ በሲራክ ኅሩይ ተርጓሚነት በአማርኛ ሲቀርብ፣ የአገሩ ቦታ በባዕድ ምናብ ዞሮ ተመለሰ ማለት ነው። ኮልሪጅም በ1816 በታተመው «ኩብላ ካን» አንዲት ሐበሻ ልጃገረድ የክር መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ ስትዘፍን ያሳየናል። በእጅ ጽሑፉ የተራራው ስም «አማራ» ነበር። ሆኖም የዘፈኗን ቃል አይነግረንም፤ ገጣሚው ራሱም ዜማዋን መልሶ ማግኘት ይመኛል።

ያ ያልተሰማ ዘፈን በስፍራው ምን ይመስል ይሆን? ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር ስለ ገደሉና ስለ ሜዳው መግለጫ አትሰጥም። ቦታው የዜማው መንገድ ሆኗል፤ ግጥሙ ስለ ፍቅር ቢሆን ስለ ጀግንነት፣ ድምፁ አምባሰል ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ አምባውን ለማያውቅ አንባቢ ስለሚጽፍ ይሥላል፤ የአገሬው ዘፋኝ ለሚያውቅ አድማጭ ስለሚያዜም ስም መጥራት ይበቃዋል።

ይህ ልዩነት ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ቁም ነገር አለው። በቃል ግጥማችን የተፈጥሮ ገለጻ አናሳ ነው በማለት ደራሲው ለአገሩ መልክ ደንታ የለውም ብሎ መደምደም አይገባም። «ዓባይ» የሚለው ስም ወንዙን እየጠራ ሐሰተኛውንም እንደሚነካ፣ የቦታ ስም በግጥማችን ሰምና ወርቅ ተሸካሚ ነው። ስለሆነም የቃል ግጥም የሚሰበስብ ተማሪ የቦታዎቹን ስሞች፣ የተዘፈኑበትን ቅኝትና አድማጩ ስለ ቦታው የሚያውቀውን ታሪክ አብሮ ሊመዘግብ ይገባል። አድማጩ የሚያውቀው ካልተጻፈ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ስሙ ባዶ ድምፅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግሸንን ለማወቅ የሚቀረን ያላዩት የጻፉት ብቻ ነው።