ከተማ ድንበር ሲገፋ



በገጠር ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ ከድንበር ገፊነት የከፋ ነውር ጥቂት ነው። ገበሬ ሲያርስ ከጎረቤቱ ማሳ አንዲት ትልም ቢቆርስ ነገሩ በሽማግሌ ይታያል፤ በሽማግሌ ካልበረደም ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ አንዳንድ ጊዜ ደም ያፋስሳል። ከተማ ድንበሩን ሲገፋ ግን የሚለካው በትልም ሳይሆን በሄክታር ነው፤ ስሙም ልማት ይባላል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር፥ አገሬው ፊንፊኔ በሚለው ፍል ውሃ ዙሪያ የኦሮሞ ገበሬና ከብት አርቢ ይኖር ነበር። መሬቱ ለመኳንንትና ለወታደር እየተሰጠ ከተማው በየሰፈሩ ተዘረጋ። በዚያ ዘመን ያስጨነቀው የቦታ ሳይሆን የማገዶ እጦት ነበር፤ ባሕር ዛፍ ባይደርስለት ኖሮ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም በዞረ ነበር።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ፕላን እንዲያወጡ የተጠሩት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ። እኒህ ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1944 ባወጡት የታላቋ ለንደን ፕላን፥ ከተማዋ አረንጓዴ መቀነት እንድትታጠቅ የመከሩ ናቸው። በመቀነቱ ውስጥ እርሻው እርሻ ሆኖ ይቈያል፤ የሚተርፈው ሕዝብ ከዚያ ወዲያ በአዳዲስ ከተሞች ይሰፍራል። ለንደን መቀነቷን እስከ ዛሬ አልፈታችም፤ ቤት የተወደደባት በዚህ ነው የሚሉ አሉ፥ ሐሰት ነውም አይባልም። የእኛዋ ግን ሳትታጠቅ ወፈረች።

በ1967 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች የገጠሩን መሬት የሕዝብ፥ የከተማውን የመንግሥት አደረጉት። ጭሰኛው ከባለርስቱ ተላቀቀ፤ ሻጭ ግን አልሆነም። የከተማው ወሰን በመጣበት ቀን የሚቀበለው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን ካሳ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታ ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በዐሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። ቀመሩ ለጋስ ይመስላል። ነገር ግን ያ የጤፍ ዋጋ ነው፤ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም።

የአፈሩም ነገር ይገርማል። ጤፍና ሽምብራ የሚስማማው መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለቤት መሠረት ጠላት ነው። ስለዚህ ግንበኛው ቆፍሮ ያወጣዋል፥ በምትኩም ሌላ አፈር በካሚዮን ያስመጣል። እህል አብቃዩን አፈር ገንዘብ ከፍለን እንጥለዋለን ማለት ነው።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች በአንድነት የሚያቅድ ማስተር ፕላን በተሰማ ጊዜ፥ በሚያዝያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 እንደ ገና ተቀጣጠለ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት በጥር ፕላኑ ተተወ። የፕላኑ ደጋፊዎች የተናገሩት ስለ መንገድና ስለ ውሃ ነበር፤ ገበሬው የሰማው ድንበር መግፋትን ነው።

ይህን የምጽፈው በኪራይ ቤት ለሚንከራተተው የመንግሥት ሠራተኛ ሳላዝን ቀርቼ አይደለም። ቤት ያስፈልጋል፤ በየካ አባዶና በቱሉ ዲምቱ የጋራ ሕንጻ የደረሳችሁም ይህን ታውቃላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው አቅም ካለው መሬቱን በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጥቶታል። በእኔ አስተያየት ይህች አንቀጽ ከካሳው ብዜት ትበልጣለች። የምትቸግረው «አቅም» የምትለው ቃል ናት፤ ሕንጻ የሚያሠራውን ገንዘብ ገበሬው ከየትኛው ጎተራ ያወጣዋል?