የብረቱን ልብስ ማን ሰፋው?

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ፣ ፈተና አልቆ ዶርም ውስጥ ተጋድመን ሳለ አንድ ክርክር ተነሣ። ነገሩ ተራ ነገር ነበር። አንደኛው ጓደኛችን በኮምፒዩተሩ ጌም ይጫወታል፤ እኛ ደግሞ ከኋላው ሆነን እናያለን። የሚመራው ገጸ ባሕርይ ከራስ ጥፍሩ እስከ እግር ጥፍሩ ብረት ለብሶ፣ ትከሻው ላይ ምጣድ የሚያህል ጋሻ መሳይ ነገር ተሸክሞ ከዘንዶ ጋር ይዋጋል። አብራው የምትዋጋው ሴት ግን ደረቷንና ዳሌዋን ብቻ በብረት ሸፍና፣ ሆዷ እንደተገለጠ እሳቱ መሐል ትገባለች። «ይቺ የለበሰችው ጥሩር ነው ወይስ የዋና ልብስ?» አለ አንዱ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ለሁለት ተከፈልን።

ግማሾቹ «ዘንዶ እሳት በሚተፋበት ዓለም ምን የእውነት ጥያቄ አለ? ኧረ ተዉን!» አሉ። እኛ በበኩላችን የታሪክ ተማሪዎች ነን ብለን ደረታችንን ነፍተን ተነሣን። «ዘንዶው ይሁን፤ ሰይፍ ግን ሰይፍ ነው፣ ሆድም ሆድ ነው» አልን። በዚህም ሳንወሰን ሦስት ነገሮችን አስረግጠን ተናገርን። አንደኛ፣ የምስማር ራስ የተደረደረበት የቆዳ ጥሩር በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በእርግጥ ይለበስ ነበር። ሁለተኛ፣ ሙሉ ብረት የለበሰ ፈረሰኛ ከመክበዱ የተነሣ በክሬን ካልሆነ ፈረስ ላይ አይወጣም ነበር። ሦስተኛ፣ ቀንድ ያለው የራስ ቁር በታሪክ የለም፣ የሠዓሊ ፈጠራ ነው።

ማስረጃ ልናመጣ ቃል ገብተን ቤተ መጻሕፍት ገባን። ምን ይደረግ! በሦስቱም ተረታን። ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈውም ሽንፈታችን ከድላችን ይልቅ ስላስተማረን ነው።

ለመሆኑ ይህ ጨዋታ ከየት መጣ? በ1971 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን የተባሉ አሜሪካውያን በትንንሽ አሻንጉሊት ወታደሮች ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ደንብ ጽፈው አሳተሙ። ስሙ «ቼይንሜይል» ነበር፤ የሰንሰለት ጥሩር ማለት ነው። በ1974 ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር ሆኖ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የሰይፉ ምት ማግኘቱ ወይም መሳቱ በዳይስ ይታወቃል። ጥሩሩም በቁጥር ተተመነ። በመጀመሪያው ደንብ ሦስት ዓይነት ጥሩር ብቻ ነበር፤ ቆዳ፣ ሰንሰለትና ዝርግ ብረት። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን ዝርዝሩን አበዛው። በጥጥ የተደረተው፣ ምስማር የተመታበት ቆዳ፣ ቀለበት የተሰፋበት፣ በብረት ጥብጣብ የታጠረው እያለ ይቀጥላል። ዛሬ በኮምፒዩተር የምናያቸው ብዙዎቹ የፋንታዚ ጨዋታዎች ይህን ዝርዝር በቀጥታም ይሁን በዘወርዋራ ወርሰውታል።

እንግዲህ ያመንነው ለምንድን ነው? በሠንጠረዥ ስለተቀመጠ ነው። ስም አለው፣ ዋጋ አለው፣ ክብደት አለው፣ ቁጥር አለው። ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ የተመዘነ ይመስላል። የታሪክ መምህራችን ግን አዘውትረው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማን አየው?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ብንሄድ የምንደርሰው ከፈረሰኞቹ ዘንድ ሳይሆን በ19ኛው መቶ ዘመን ከነበረ አንድ እንግሊዛዊ ምሁር ዘንድ ነው።

ሳሙኤል ራሽ ሜይሪክ በ1824 ስለ ጥንታዊ ጥሩር በሦስት ቅጽ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በዘመኑ በሎንዶን ግንብ ለሕዝብ ይታዩ የነበሩ የብረት ልብሶች የዚህ ንጉሥ ናቸው የዚያ ንጉሥ ናቸው እየተባሉ በዘፈቀደ ሲሰየሙ፣ በዘመን በዘመናቸው እንዲደረደሩ ያደረገ እርሱ ነው። ሆኖም አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። ከ11ኛውና ከ12ኛው መቶ ዘመን የተረፈ ጥሩር እምብዛም ስለሌለ በማኅተሞች፣ በሐውልቶችና 70 ሜትር ያህል በሚረዝመው በባዩ የጥልፍ ሥራ ላይ ተመሠረተ። በጥልፉ ላይ የአንዱ ወታደር ልብስ በክብ በክብ ይታያል፤ የሌላው እንደ መረብ የተሰናሰለ ነው፤ በሌላ ሥዕል ደግሞ መስመር መስመር ሆኖ ይገኛል። ሜይሪክ ለእያንዳንዱ አሣሣል የተለየ የጥሩር ዓይነት ስም ሰጠው።

ነገሩን እስቲ እናስበው። አንድ የሰንሰለት ጥሩር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እርስ በርስ የተጠላለፉ ቀለበቶች አሉት። ጠላፊዋ ወይም ቀራፂው እነዚህን አንድ በአንድ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ያሳጥራል፤ አንዱ ክብ ይሥላል፣ ሌላው መስመር ያሰምራል። በኋላ የመጡ ሊቃውንት አብዛኞቹ የተስማሙበት ይህንኑ ነው። ልብሱ አንድ ነው፤ የተለያየው የሠዓሊው እጅ ነው። ሜይሪክ የእጅ ልዩነትን እንደ ልብስ ልዩነት ቆጠረው፤ ስሞቹም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተገለበጡ፤ በመጨረሻም ጋይጋክስ ጠረጴዛ ላይ ደርሰው ዋጋ ተቆረጠላቸው።

በምስማር የተመታው ቆዳም እንዲሁ ነው። በሐውልትና በሥዕል የሚታየው ከላይ ጨርቅ ወይም ቆዳ ሆኖ በላዩ የምስማር ራስ በረድፍ በረድፍ የተደረደረበት ልብስ ነው። ላዩን ላየ ሰው ጌጥ ይመስላል። ግን ምስማሮቹ ከውስጥ የያዙት ነገር አለ፤ ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎችን ነው። ይህ ብሪጋንዲን የሚባለው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን ብዙ ወታደር የለበሰው ጠንካራ ጥሩር ነው። ገልጦ ያላየ ሰው «ምስማር ያለበት ቆዳ» ብሎ ጻፈ። እኛም ገልጠን ሳናይ ተከራከርን። እውነቱን ለመናገር ቆዳ ላይ ተራርቆ የተመታ ምስማር ሰይፍ አያቆምም፤ ቆዳውን ከመብሳት በቀር።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። በክሬን ፈረስ ላይ የሚወጣው ባላባት እንዴት አእምሯችን ውስጥ ገባ? በ1944 ሎረንስ ኦሊቪየ በሠራው «ሄንሪ አምስተኛ» ፊልም ላይ የፈረንሳይ ፈረሰኞች በማንሻ ተሰቅለው ኮርቻቸው ላይ ሲወርዱ ይታያል። ሳቅ ያመጣል፣ ግን ሐሰት ነው። ለጦር ሜዳ የሚሠራ ሙሉ የዝርግ ብረት ልብስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግድም ነበር። ይህም በአንድ ትከሻ የሚሸከሙት ጆንያ አይደለም፤ በመላው ሰውነት ላይ ተከፋፍሎ የታሠረ ነው። ቡሲኮ በሚል ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ ማርሻል (1366–1421) ብረት ለብሶ መሰላልን ከታች በኩል በእጁ ብቻ ይወጣ፣ የራስ ቁሩን ብቻ አውልቆ ይገለበጥ እንደነበረ የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ይህ የተለየ ሰው ነው ቢባል እንኳ በማንሻ የሚሰቀል ሰው አይደለም። ከ40 ኪሎ ሊያልፍ የሚችለው ለጉግስ ውድድር ብቻ የሚለበሰው ዓይነት ነው፤ ጉግስ ደግሞ ጦርነት አይደለም።

ይህ ማለት ግን ብረት ላባ ነበር ማለት አይደለም። በ2011 የወጣ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በጥንቱ አምሳል የተሠራ የብረት ልብስ የለበሱ ሰዎችን መሮጫ ማሽን ላይ አስኬደ። የእግር ጉዞ ብቻ ከተለመደው ሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ጠየቀ። ምክንያቱም እግር ላይ የታሠረው ብረት በየእርምጃው መወዛወዝ አለበት፤ ደረትን ያጠበቀውም ማሠሪያ እንደ ልብ አያስተነፍስም። ስለዚህ ባላባቱ ከወደቀ ይነሣል፤ ሲሮጥ ግን ቶሎ ይደክማል። በ2014 የወጣው የ«ደንጀንስ» ደንብ ዝርግ ብረቱን 65 ፓውንድ፣ ማለት 29 ኪሎ ተኩል ያህል አድርጎታል። ከእውነቱ እጅግ አልራቀም። ያልቆጠረው ድካሙን ነው።

እዚህ ላይ ዳዊት ትዝ ይለናል። «ጥሩር» የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን ያወቅነው ከእርሱና ከጎልያድ ታሪክ ነው። ሳኦል የራሱን ጥሩር አለበሰው፤ ዳዊት ግን አልለመድኩትም ብሎ አወለቀው። የተረሳን ነገር ያስታውሰናል፤ ጥሩር የሚሠራው ለባለቤቱ አካል ነው። በጌም ግን ከሞተው ጠላት ገፍፈን ወዲያው እንለብሳለን፤ በልካችን ይሆናል!

ሦስተኛው ሽንፈታችን ከሁሉ ይበልጥ አሳፈረን። ቫይኪንጎች ቀንድ ያለው የራስ ቁር እንዳልለበሱ እውነት ነው። ያንን ምስል በሰፊው ያስፋፋው በ1876 ካርል ኤሚል ዶፕለር ለዋግነር ኦፔራ የሠራው የመድረክ ልብስ ነው። እኛ ግን ከዚህ ተነሥተን «ቀንድ ከነአካቴው የለም» አልን። በ1942 በዴንማርክ ቬክሶ በተባለ ቦታ ከረግረግ የወጡት ሁለት የነሐስ ቁሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት 900 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸው፤ ረጃጅም ቀንድ አላቸው። ሊድስ በሚገኘው የንጉሣዊ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ደግሞ የበግ ቀንድ፣ መነጽርና ያልተላጨ ጢም ያለው የሰው ፊት የመሰለ ቁር አለ። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ለእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛ በስጦታ የላከው ሲሆን በ1514 የደረሰ ነው። የሚላኑ አንጥረኛ ፊሊፖ ኔግሮሊም በ1543 በሠራው ቁር አናት ላይ በብረት የተቀረጸች የባሕር ሴት አጋድሟል። ይህን አንድ የጌም ሠዓሊ ቢሥለው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ታዲያ ጥሩር መልክ የሚጠየቅበት ነገር መሆኑ አዲስ አይደለም። ኔግሮሊን ቀጥሮ የሚያሠራ መስፍን የሚፈልገው ሰልፍ ላይ እንደ ጥንት ጀግና መታየትን ነው። በ2004 በወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የምናያቸው ግዙፍ ትከሻዎችም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩን ከኋላና ከላይ፣ ከርቀት ያየዋል፤ ፊቱን አያይም፣ ትከሻውን ግን ያያል። እጁን ወደ ላይ ማንሣት ባይችልም ማንነቱ ይታወቃል። ይህ የመድረክ ሥራ ነው፤ መድረክነቱን እስካወቅን ድረስ ጥል የለንም።

ጥላችን ከሴቲቱ ልብስ ላይ ነው። ሬድ ሶንያ የተባለችው የሰይፍ ተዋጊ በ1973 በኮሚክ መጽሔት ስትወጣ የሰንሰለት ሸሚዝ ለብሳ ነበር። የብረቱን ቢኪኒ የሰጣት ስፔናዊው ሠዓሊ ኤስቴባን ማሮቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ መልኳ ሆኖ ቀረ። «ወንዱስ ኮናን ራቁቱን አይዋጋም ወይ?» የሚል መልስ ዶርም ውስጥ ተሰጥቶናል። ይዋጋል። ነገር ግን የኮናን ደረት «ብረት አያስፈልገኝም» ይላል፤ ኃይሉን ለማሳየት ነው የተገለጠው። የእርሷ ሆድ የተገለጠው ለማን ነው? በብዙ ጌሞች ያው አንድ ጥሩር ወንዱ ሲለብሰው ሙሉ ነው፤ ሴቷ ስትለብሰው ግማሹ ይጠፋል፤ የመከላከያ ቁጥሩ ግን አይቀንስም። ሠንጠረዡ ተዋጊ ናት ይላል፣ ሥዕሉ ደግሞ የምትታይ ናት ይላል።

ታሪክ እዚህ ላይ አጭር ምስክርነት አለው። በ1429 በፈረንሳይ ቱር ከተማ ለዣን ዳርክ ሙሉ የብረት ልብስ ተሠራላት። ዋጋው 100 የቱር ሊቭር እንደነበረ በንጉሡ የሂሳብ መዝገብ ተጽፏል። የደረት ቅርጽ ተቀርጾበት እንደሆነ የሚያስብ ካለ የዘመኑን የደረት ብረት ይመልከት። የወንዱም ወደ ፊት የተነፋ ነው፤ የሚመጣው ጫፍ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ነው። ሁለት ጡት ተቀርጾ መሐሉ ቢሠረጉድ ግን ጫፉን ወደ ልብ ይመራዋል። አንጥረኛው ይህን የሚያውቀው በእጁ ነው።

ልብስን በቅደም ተከተል፣ ከታች የተደረተውን፣ በላዩ ሰንሰለቱን፣ በላዩ ዝርጉን የሚያስለብስ ጌምም አለ። በ2018 የወጣው «ኪንግደም ከም፦ ዴሊቨራንስ» በ1403 ቦሄሚያ የተመሠረተ ነው፤ ዘንዶም የለበትም። ሁሉም እንደዚህ ይሁን አንልም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥሩሩን ስናይ «ይህ እውነት ነው?» ብለን ብቻ አንቁም፤ «ማን አየው? ማን ሳለው? ለማን ብሎ?» እንበል። ሜይሪክ ላይ የሠራው፣ ኦሊቪየ ላይ የሠራው፣ እኛም ላይ የሠራው ይኸው ጥያቄ ነው።

ዶርም ተመልሰን ሽንፈታችንን አመንን። ባላንጣዎቻችንም ስለ ሴቲቱ ልብስ ተረቱ፤ ጓደኛችንም ፈልጎ ፈልጎ ሆዷን የሚሸፍን ጥሩር አገኘላት። የራሱን ትልልቅ ትከሻዎች ግን አላወለቀም። ለምን ብንለው «ያምራላ!» አለን። ኔግሮሊም ቢጠየቅ ይህንኑ ይል ነበር ብለን ተውነው።